ሳይሞላ የማይነሳው ጋሪ

ጋሽ ጌታቸው ሐዋሳ መናኸሪያ ሠላሳ አንድ ዓመት ተራ አስከባሪ ነበሩ። በእሳቸው ዘመን አንድ ወንበር ጎድሎት የወጣ ሚኒባስ የለም። «አንድ ሰው፣ የቀረ አንድ ሰው» ሲሉ ድምፃቸው ቱላ ድረስ ይሰማ ስለነበር፣ እዚያ በቆሎ የሚኮተኩት ገበሬ መሄጃ ሳይኖረው ዶማውን ጥሎ ሮጦ መጥቶ ወደ ሻሸመኔ ይሳፈር ነበር። ባዶ ወንበር ሲያዩ ያማቸዋል። ጡረታ ሲወጡም ሕመሙ አብሯቸው ወጣ፤ እንግዳ ሲመጣ ሶፋው ካልሞላ ሻይ አይቀዳም።

ልጃቸው ወንጌላዊት ለሥራ ልምምድ ሦስት ወር ወደ ድሬዳዋ ስትሄድ ኮምፒውተሯን ትታላቸው ሄደች። ውስጡ አንድ ጨዋታ አለ። ተራራ ላይ ምሽግ ይሠራል፤ ጥፍር የሚያካክሉ ስልሳ ሰዎች ይቆፍራሉ፣ ይሸከማሉ፣ ይበላሉ፣ ካጡ ይሞታሉ። ከእነሱ አንዷን ወንጌላዊት «ሙሉጌጥ» ብላታለች፤ ከአምስት ዓመት በፊት ባረፉት እናቷ ስም።

«አባዬ፣ ሌላው ይቅር፣ እሷን እንዳትገድልብኝ» አለች፣ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ቆማ።

«እኔ? ስንት ሺህ ሰው ሸኝቻለሁ፤ የሞተ አለ?»

«እሱን ሹፌሮቹን ነው መጠየቅ።»

የምሽጉ ችግር ድንጋይ ነበር። ምሽጉ በካርታው አንደኛው ጫፍ ነው፤ ለግንቡ የሚሆነው ድንጋይ በሌላኛው። በሰው ትከሻ አንድ ድንጋይ ለማምጣት ግማሽ ወር ይፈጃል። ስለዚህ ጋሽ ጌታቸው ሐዲድ አስነጠፉና ጋሪ አስቀመጡበት። ጋሪው ሲሄድ ዳቦ፣ ሲመለስ ድንጋይ ይዞ በራሱ ይንከባለላል። እዚያ ማዶ ቆሞ የሚጭን አንድ ሰው ብቻ ይበቃል። ሥራው ከቁፋሮ ይቀላል፤ ቀላል ሥራ ደግሞ ለማን ይሰጣል? ለሙሉጌጥ ሰጡ።

ቀጥሎ ጨዋታው ጠየቃቸው፤ ጋሪው መቼ ይነሳ? በየቀኑ ወይስ ሲሞላ?

ጋሽ ጌታቸው ከኮምፒውተር እንዲህ ያለ የሠለጠነ ጥያቄ አልጠበቁም። «ይሄን የሠራው ሰውዬ መናኸሪያ ነው ያደገው» አሉና «ሲሞላ» የሚለውን ተጫኑ። አሥር ጭነት ካልሞላ ንቅንቅ የለም።

ሦስት ሳምንት ጋሪው ሳያጓድል ተመላለሰ። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ቀረ። ከሐይቁ የመጣ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ቤቱ በቀን ጨልሟል። ካርታውን ወደዚያኛው ጫፍ ጎተቱት። ጋሪው ላይ ዘጠኝ ድንጋይ ተጭኗል። አሥረኛ የለም፤ ድንጋዩ አልቋል። ሙሉጌጥ ጋሪው አጠገብ ቆማለች። ከስሟ ሥር «እየጠበቀች ነው» ይላል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ደግሞ «ተርባለች»። ዳቦ የሚደርሳት ጋሪው ሄዶ ሲመለስ ብቻ ነው።

ወደ ድሬዳዋ ደወሉ።

«ትዕዛዙን ቀይረዋ» አለች ወንጌላዊት። «በዘጠኝ ይነሳ።»

«አንድ እኮ ነው የጎደለው።»

«አባዬ፣ ትሞታለች።»

«በጎዶሎ ላስነሳው?»

«በጎዶሎ።»

ማውሱን ያዙ። ጣታቸው ግን የሠላሳ አንድ ዓመት ልማዱን ይዞ አልታዘዝ አለ። እንዲህ ሲያመነቱ ጋሪው ተንቀሳቀሰ።

«ቀየርከው?»

«አልነካሁትም። አሥር ከአሥር ይላል።»

ጋሪው ያን ባዶ ሜዳ እያቋረጠ መጣ። ስልኩ እንደተከፈተ ነው፤ አባትም ልጅም ጠበቁት። የምሽጉ በር ላይ ሲቆም ጋሽ ጌታቸው የጭነት ዝርዝሩን ከፈቱ። ዘጠኝ ድንጋይ፣ አንድ ጥንድ የሴት ጫማ።

«ጫማዋን አውልቃ ጭናዋለች» አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

«እንደዚያ አያደርጉም። ድንጋይ ጫኚ ከተባሉ ከድንጋይ ሌላ አይነኩም።»

«ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ ልጄ።»

ወንጌላዊት በዚያ የድሬዳዋ ሙቀት ሹራቧን ፈልጋ ለበሰች።

ጎተራው ውስጥ የነበረው አንድ ዳቦ ነው። አሥር እስኪጋገር ሙሉጌጥ አትቆይም። ጋሽ ጌታቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «በየቀኑ» የሚለውን ተጫኑ። ጋሪው ላይ ዳቧን ጫኑ፤ ጫማውንም አጠገቧ አስቀመጡ። ሁለት ዕቃ፣ አሥር በሚይዝ ጋሪ። ባዶ ሊባል ምንም ያልቀረው ነገር ሲያስነሱ የመጀመሪያቸው ስለነበር፣ መኪናቸው የተሰረቀባቸው ይመስል እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው በዓይናቸው ሸኙት።

ጋሪው ደረሰ። «ተርባለች» የሚለው ጠፋና «እየበላች ነው» የሚል መጣ።

«በላች» አሉ በስልኩ፤ ወንጌላዊት አለቀሰች።

ወዲያው ሙሉጌጥን ወደ ምሽጉ እንድትመለስ አዘዟት። አልተመለሰችም። ደጋግመው አዘዙ፤ ከስሟ ሥር «በሥራ ላይ» ከሚል በቀር መልስ የለም። የተመለሰው ጋሪው ነው። ዳቧ የለችም። ጫማው ግን መሀል ላይ፣ ጎን ለጎን ተስተካክሎ ተቀምጧል።

«ድንጋይ እኮ የለም፤ እዚያ ምን ትሠራለች?» አለች ወንጌላዊት።

«ጋሪው ባዶውን እንዳይመለስ ነው።»

«ማን አስተማራት?»

«የተራ አስከባሪ ሚስት አይደለች እንዴ» አሉ ጋሽ ጌታቸው ቀስ ብለው።

ግንቡ እስከ ዛሬ አላለቀም። ጋሽ ጌታቸው በየጠዋቱ፣ ራሳቸው ቁርስ ሳይቀምሱ ኮምፒውተሩን ይከፍታሉ። አንድ ዳቦ ይጭናሉ፣ ጫማውን አጠገቡ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ማንንም ሳይጠብቁ ያስነሱታል።