ለጫልቱ ያላደረስኩት ጥያቄ

ይህን ለእናቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ጋዜጠኞች «እንዴት እዚህ ደረስሽ?» ሲሉኝ ስለ ልፋቴ አወራለሁ። ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ እዚህ የደረስኩት በጫልቱ ቦታ ነው።

ያደግኩት ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ነው። ወላጆቼ ከጎጃም የመጡ ስለነበሩ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ እናገር ነበር። ጫልቱ ደግሞ ከጉቶ ጊዳ ገጠር መጥታ አክስቷ ቤት የምትኖር ልጅ ነበረች፤ አማርኛ እምብዛም አትሰማም። በከተማው የሴቶች ቡድን እኔ ተከላካይ፣ እሷ አጥቂ ነበርን። ኳስ በግራ እግሯ ስትይዝ ወዴት እንደምትሄድ አብሬያት የምለማመደው እኔ እንኳ መገመት አልችልም ነበር።

አንድ ቀን ተጫዋች የሚመለምል አሰልጣኝ ከአዲስ አበባ መጣ። ከጨዋታው በኋላ ጫልቱን ጠርቶ በአማርኛ ብዙ አወራት። አልገባትም።

«እስቲ አስተርጉሚልኝ» አለኝ ሰውዬው። «ለቡድናችን ልወስዳት እፈልጋለሁ። ትመጣለች?»

«ማል ጄዼ?» አለችኝ ጫልቱ፤ ምን አለ ማለቷ ነው።

እኔም በኦሮምኛ «ጥሩ ተጫውተሻል፣ በርቺ ነው የሚልሽ» አልኳት። ፊቷ በደስታ በራ፤ በሁለት እጇ ጨብጣ አመሰገነችው። ከዚያ ወደ እሱ ዞሬ «አባቴ አይፈቅድልኝም ነው የምትለው» አልኩት።

እየሳቀች እንቢ የምትል ልጅ ግራ ሳታጋባው አልቀረችም። ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ?» አለኝ።

እኔ ሄድኩ። ክለብ ገባሁ፣ የብሔራዊ ቡድኑን ማሊያ ለበስኩ፣ ጉልበቴ ሲጎዳ ማሰልጠን ተማርኩ። ዛሬ ያንኑ ብሔራዊ ቡድን የማሰለጥነው እኔ ነኝ።

እስከ አሁን የሚገርመኝ ግን ያ ውሸት ከየት እንደመጣ ነው። ምቀኝነት ነበር? እወዳት ነበር እኮ! አስቤበት ነበር? ቅንጣት አላሰብኩበትም። ታዲያ አንዱ ለእሷ፣ ሌላው ለእሱ፣ በሁለት ቋንቋ፣ ምላሴ ሳይደናቀፍ እንዴት ወጣ? ራሴን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። ያልኩት እኔ መሆኔን ብቻ አውቃለሁ።

አምና ወጣት ተጫዋቾችን ለማየት ነቀምቴ ሄጄ ነበር። ጫልቱ መምጣቴን ሰምታ ሜዳው ድረስ መጣችና አቀፈችኝ። አግብታ ወልዳለች፤ ገበያ ላይ በቆሎ ትሸጣለች። አማርኛውንም እዚያው ለምዳዋለች። ልንለያይ ስንል እጄን ሳትለቅ ጠየቀችኝ።

«ሰብሌ፣ ያኔ ያ ሰውዬ ብዙ ነበር ያወራው። አንቺ የነገርሽኝ ግን አጭር ነው። ሌላም ያለው ነገር ነበር እንዴ?»

ዓይኗ ውስጥ ክስ አልነበረም። እንዲሁ ማወቅ ፈልጋ ነው።

«ረሳሁት» አልኳት።

የመጀመሪያውን ውሸት፣ ልጅ ነበርኩ ብዬ ላልፈው እችል ይሆናል። ይህንንስ? በዚህ ዕድሜዬ፣ እሷው እጄን እንደያዘች፣ ለሁለተኛ ጊዜ ዋሸኋት። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የወሰድኩት የእናንተን አይደለም። የምለምናት እሷን ነው። ስልኳን ሰጥታኛለች፤ እስካሁን አልደወልኩም።