የጥላዋ ሽምብራ

ዓባይ ማዶ የገዛሁትን እሸት ሽምብራ ስፈለፍል ጣቴን ላስሁት፤ ኮመጠጠኝ። ያደግሁባት ደሴት፣ የልጅነቴ ደቅ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ፀሐይ እንዳያቃጥላት ብዬ የራሴን ሽምብራ ዋርካ ሥር ዘርቼ ነበር። ቀጥና ገረጣች። የግብርና መምህሩ አባቴ ፀሐይ ከሚመታው ማሳው አንዲት ሽምብራ ነቅሎ፣ ሥሯ ላይ ያለችውን እባጭ በጥፍሩ ሲሰነጥቃት ውስጧ እንደ ድድ ቀልቶ ታየኝ።

«ደማች» አልሁ።

«ጠግባ ነው። ቅጠሉ በፀሐይ ምግብ ይሠራል፤ ሥሩ ውስጥ ያሉት እንግዶች ይበላሉ። እነሱም ከአየር ማዳበሪያ ይሠሩለታል።»

«የኔዎቹስ?»

«ያንቺዎቹማ ጾመኞች ናቸው።»

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እንግዶቹ ባክቴሪያዎች መሆናቸው ያኔ ባይገባኝም፣ እንዳይርባቸው ብዬ በማግስቱ ሌላ ሽምብራ ፀሐይ ላይ ዘራሁ።

ዛሬም እሸቴን እንደያዝሁ ወንበሬን ከጥላው ወደ ፀሐይ አወጣሁ።