ሴትዮዋ ተከራየች

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ማርታ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ይዛ ከጎኔ ተቀመጠች። ሆሳዕና ከተማ ዝናብ ጥሎ አባርቷል፤ ከጓሮ የእርጥብ እንሰት ሽታ ይመጣል። ደብተሯን ገልጣ፣ «እማማ፣ ክራይ ማለት ኪራይ ነው እንዴ?» አለችኝ።

 ይህን ጥያቄ ከአርባ ዓመት በፊት ሰምቼዋለሁ። ያን ጊዜ መልሱን ያገኘለት ባለቤቴ ጴጥሮስ ከተቀበረ አምስት ወሩ ነው። በቀብሩ ቀን ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ድምፅ አልወጣልኝም። ከዚያ ወዲህም በዚህ ቤት ከፍ ያለ ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም።

ያኔ ሁለታችንም አዲስ አስተማሪዎች ነበርን፤ ከሺንሺቾ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ተመድበን። እሱ የዶዮገና ልጅ ነው፤ አፉን የፈታው በከምባትኛ። እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ፤ አፌን የፈታሁት በሃዲይኛ። ስለዚህ የምንጫወተው በአማርኛ ነበር። ሲቸኩል ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋል፤ እኔም እስቅበታለሁ። ድምፁ ደግሞ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ሻይ ቤት ገብቶ ሲያዝ አስተናጋጇ ሁለት ጊዜ «ምን አልክ?» ሳትለው አታልፍም። እኔ እወደው ነበር፤ ግን አልነገርኩትም።

አንድ ቀን እንግሊዝኛ ሲያስተምር ታደለች የምትባል ተማሪ «ዘ ውማን ክራይድ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር «ሴትዮዋ ተከራየች» ብላ ተረጎመችው። ከክፍሉ አንድም ልጅ አልሳቀም፤ ሁሉም እንደዚያ መስሏቸው ነበር። በእረፍት ሰዓት ሲነግረኝ እኔ በሳቅ ሞትኩ፤ እሱ ግን ፈገግም አላለ።

«ጥፋቱ የሷ አይደለም። ክራይ ጩኸትም ነው፤ ጩኸት ደግሞ በሰሌዳ ላይ አይታይም» አለኝ።

«ታዲያ በምን ይታያል?»

«ሜዳ ላይ።»

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። መስቀል አልፎ መንገዱ መድረቅ ጀምሯል፤ ገብሱ ቢጫ እየሆነ ነው። እኔ ክፍሌ ውስጥ ማካፈል እያስተማርኩ በመስኮት አያቸዋለሁ። ጴጥሮስ ልጆቹን ሜዳው ዳር አሰልፎ እሱ ወዲያ ማዶ ቆመ። መጀመሪያ «ዊስፐር» ነበር፤ የልጆቹ ከንፈር ሲንቀሳቀስ እንጂ ሌላ ነገር አልሰማሁም። ቀጥሎ «ሻውት» ሆነ፤ ከሸለቆ ማዶ ያለን ሰው እንደ መጥራት። ከዚያ «የል»፤ ገብስ ውስጥ የገባች ላም ላይ እንደ መጮህ። ተማሪዎቼ ሒሳቡን ትተው ወደ መስኮቱ ተንጠራሩ፤ አልከለከልኳቸውም። እንዲህ ያለ ትምህርት እኔም አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ «ስክሪም» መጣ። አርባ ልጅ በአንድ ጊዜ እሪ አለ። ጠመኔዬ እጄ ላይ ተሰበረ።

በዚያ አገር እሪታ ሲሰማ ሰው ቆሞ አይጠይቅም። የያዘውን እንደያዘ ይሮጣል። ገበሬው መቆፈሪያውን፣ እንሰት ስትፍቅ የነበረችው ሴት መፋቂያዋን፣ እሳት የመሰለው ደግሞ ውኃ በባልዲ ይዞ ደረሰ። አንዲት አሮጊት አንድ እግር ጫማቸውን ጭቃ ውስጥ ጥለው መጡ። የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢው አቶ ሃንዲሶ በታመመ እግራቸው እያነከሱ ከሁሉም ፊት ነበሩ።

«ማነው የሞተው?» አሉ እያለከለኩ።

ልጆቹ በአንድ ድምፅ፣ «እንግሊዝኛ ነው!» አሉ።

«እንግሊዝኛ ሞተ?»

ከኋላ አንዱ፣ «ልጄ ሲናገር ሰምቼ ድሮ የሞተ መስሎኝ ነበር» አለ። ጥቂት ሰው ሳቀ። አቶ ሃንዲሶ ግን አልሳቁም።

«ነገ ቤቴ ሲቃጠል እሪ ብል፣ ጎረቤቴ እንግሊዝኛ ነው ብሎ ሳይመጣ ቢቀርስ?»

ሳቁ ወዲያው ቆመ። ርዕሰ መምህሩ ከቢሮ ወጥተው፣ «ዛሬውኑ ለወረዳ እጽፋለሁ፤ ይህ ሰው ከዚህ ይነሳል!» አሉ።  ክፍሌን ትቼ ወደ ሜዳው ሮጥኩ።

ጴጥሮስ ከሕዝቡ መሃል ቆሞ እያወራ ነው፤ ማንም አይሰማውም። «ምን አለ?» «እኔ እንጃ።» «ጩኸት የሚያስተምረው ይሄ ነው?» ይባባላሉ። አጠገቡ ደርሼ ያለውን ሰማሁና በሕይወቴ ጮኼ በማላውቀው ድምፅ ጮህኩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው ይላል! ልጆቹ ያዘዝኳቸውን ነው ያደረጉት፤ አስቀድሜ እናንተን መጠየቅ ነበረብኝ ይላል!»

 አቶ ሃንዲሶ ወደ ታደለች ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ይህ ሁሉ ሰው ሮጦ ከመጣበት ነገር ምን ተማርሽ?»

«ትናንት ሴትዮዋ ተከራየች ብዬ ነበር፤ አልተከራየችም። ክራይ አንድም አለቀሰች ነው፣ አንድም ጮኸች ነው።»

«የትኛው እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?»

ታደለች መቆፈሪያውንና ባልዲውን ዞራ አየች። «ሰው ከመጣ ጮኻለች» አለች።

 አቶ ሃንዲሶ ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረው፣ «ደብዳቤው ይቅር። ግን ጩኸት የምታስተምሩ ቀን በየቤቱ ይነገረን» አሉ።

ከትምህርት በኋላ ጴጥሮስ የአሮጊቷን ጫማ ከጭቃው ውስጥ ፈልጎ አጠበው። አድርሶላቸው እዚያው አልቆመም፤ ሮጠው በመጡት ሰዎች ቤት ሁሉ እየዞረ ይቅርታ ጠየቀ። ይህን እንዲያደርግ ያዘዘው ሰው የለም። እኔም አብሬው ዞርኩ፤ ድምፁ ከደጅ አይሰማማ! መጨረሻ የገባንበት ቤት ባለቤቷ ትኩስ ቆጮ በጎመን አቀረበችልንና፣ «ሚስትህ ናት?» አለችው።

«ገና ነች!» አለ። ያንን ማንም ሳይደግምለት ሁሉም ሰማው።

አርባ ዓመት አብረን ኖርን። ድምፁ ከዚያ በላይ ከፍ አላለም፤ ሲያጠፋ ግን «የኔ ነው» ለማለት ማንም አይቀድመውም ነበር። እኔ እስከ ዛሬ አልቻልኩበትም።

ማርታ መልሷን እየጠበቀች ነው። «ሻውት እና ስክሪም ልዩነታቸው ምንድነው?» አለች። እጇን ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ሻውትን አሳየኋት። ስክሪም ላይ ስደርስ ቀስ ብዬ ልጀምር ነበር፤ የወጣው ግን እኔ ያሰብኩት አልነበረም። ለጎረቤት መንገርም ረስቼ ነበር።

ጎረቤቴ አስቴር የቆጮ ሊጥ በእጇ ላይ እንዳለ በአጥሩ ክፍተት ገባች። «እትዬ! ምን ሆኑ?»

ማርታ የዚያን ቀኑን እሪታ ከአያቷ ከጴጥሮስ አፍ ስትሰማ ያደገች ናት። «እንግሊዝኛ ነው!» አለች እየዘለለች።

ሳቅሁ። ሳቁ መሃል ላይ ተለወጠብኝ፤ መያዝ አልቻልኩም። አስቴር በሊጥ እጇ አቅፋኝ መሬት ላይ አብራኝ ተቀመጠች። ማርታ ደብተሯን ደረቷ ላይ አድርጋ ግራ ገብቷት ታየኛለች።

«ይሄኛውስ የትኛው ነው፣ እማማ?»

«ክራይ» አልኳት። «ሁለቱም።»