ጋሼ ሶሬሳና የግላይደሩ ዊንች

ሶማሌ ተራ ውስጥ ሞተር የሚነካካ ሰው ሁሉ ጋሼ ሶሬሳን ያውቃቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ጠባብ ሱቅ በር ላይ ተቀምጠው ያረጀ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤት የሚጠብቃቸው ስላልነበረ እሁድንም እዚያው ይውሉ ነበር።

ከዚያ ያወጣቻቸው ሩሀማ ናት። ሩሀማ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሣር ሜዳ ላይ እሁድ እሁድ ለወጣት ካዴቶች የግላይደር ጀማሪ ስልጠና የምትሰጥ አብራሪ ነች። ግላይደር የራሱ ሞተር የሌለው ቀላል አውሮፕላን ነው። ከሜዳው ማዶ የቆመ ዊንች በረጅም የብረት ገመድ እየሳበ ነው ወደ ሰማይ የሚያነሳው። ጋሼ ሶሬሳ ከአንድ የተጣለ አይሱዙ ሞተር አውጥተው ዊንቹን ሠሩላት። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ሰው ስላልተገኘ እሳቸው ተቀመጡበት።

"ጋሼ፣ ምልክት ሰጪው ነጭ ባንዲራ ሲያውለበልብ ይሳቡ። ቀይ ካዩ ወዲያው ያቁሙ" አለቻቸው ሩሀማ።

ሁለት ዓመት እንዲያ ሳቡ። ልጆቹ ከመጀመሪያ በረራቸው ሲወርዱ ሜዳውን አቋርጠው እየሮጡ መጥተው ያቅፏቸዋል። በሳምንቱ ውስጥ በስማቸው ጠርቶ የሚያቅፋቸው ሌላ ሰው አልነበረም።

ባለፈው ክረምት ግን የያዙት ቡሎን ጥርሱ አልታይ አላቸው። ሐኪሙ ግላኮማ የሚባል የዓይን በሽታ ነው አለ። "የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክር።" ጠብታውን ገዙ፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላሉም። ከተናገሩ እሁድ መቅረቱ ነው። ከሜዳው ማዶ የሚወዛወዝ ነገር እስከታያቸው ድረስ ይበቃል ብለው ራሳቸውን አሳመኑ።

ኅዳር ላይ ሀፍሷ የምትባል የተክለ ሃይማኖት ሰፈር ልጅ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ካዴት፣ ለመጀመሪያ በረራዋ ገባች። ሩሀማ ከኋላዋ ተቀመጠች። ገመዱ ተያይዞ ሲያበቃ አንዲት ላም ሜዳው መሐል ገባችና ምልክት ሰጪው ቀይ ባንዲራ አውለበለበ። ለጋሼ ሶሬሳ የሚወዛወዝ ነገር ታያቸው። ሳቡ።

ሩሀማ ላሟን ላለመግጨት ገመዱን ስትለቅ ግላይደሩ ገና ብዙ አልተነሳም ነበር። ክንፉን መሬት ያዘውና ዞሮ ተከሰከሰ። ሀፍሷ ግንባሯ ተሰነጠቀ። የሩሀማ እግር ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ሁሉም በዊንቹ ላይ ፈረደ። "ፍሪሲዮኑ ተጣብቆ ነው፤ አሮጌ ሞተር፣ እርስዎ ምን ያድርጉ!" እያሉ አጽናኗቸው። ጋሼ ሶሬሳ ሦስት ቀን ይህን ማጽናኛ ተቀበሉ። በአራተኛው ቀን ሩሀማ የተኛችበት ሆስፒታል ሄዱ።

"ፍሪሲዮኑ ደህና ነበር" አሏት፣ ከአልጋዋ አጠገብ እንደቆሙ። "ቀዩን አላየሁትም። ዓይኔ ሄዷል፣ ልጄ።"

ሩሀማ ቀና አለች። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ከክረምት።"

"ከክረምት ወዲህ ስንት ልጅ እንደሳቡ ያውቃሉ?"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሳቸው በዳበሳ በሩን አግኝተው ወጡ።

ስልጠናው ተቋረጠ። ግላይደሩ አንድ ብቻ ነበር፤ የሚጠግነውም አልተገኘም። ካዴቶቹ የደንብ ልብሳቸውን መልሰው ተበተኑ።

ጥር ሲገባ አንዲት ልጅ ሱቁ በር ላይ መጥታ ቆመች። ጋሼ ሶሬሳ ደንበኛ መስላቸው ምን እንደምትፈልግ ጠየቋት።

"ሀፍሷ ነኝ፣ ጋሼ። ዳግመኛ የሚጀመር ከሆነ ብዬ ነው የመጣሁት። አባባ እንኳ አይፈቅድልኝም፣ ግን..."

"አይጀመርም" አሉ።

"ሩሀማ ነገረችኝ። እንደማያዩ ቀድመው ነግረዋት ቢሆን እኮ ዊንቹን ለሌላ ሰው ያስተምሩ ነበር።" ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ እሱ ነው የባሰባቸው።

"አዎ" አሏት። "አስተምር ነበር።"

እንድትቀመጥ በርጩማውን ፈልገው ወደ ድምጿ ገፉላት። እሷ ግን ሄዳ ነበር።