የእናቴ ጉልበትና የጁምዓ ዐሥር

ከኮምቦልቻ ደሴ ምን አላት? ሌላ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ እደርሳለሁ። ያን ጁምዓ ግን ሐረጎ ዳገት ላይ የጭነት መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘጋው፤ እኔም ሚኒባሱ ውስጥ እቁነጠነጥ ጀመር። እናቴ ስልክ አታነሳም። የከሰዓቱ የዐሥር ሶላት ወቅት ሊወጣ ነው። ብቻዋን መሬት ወርዳ ከሰገደች የሚያነሳት የለም፣ ያ ረቢ!

ነገሩ የጉልበቷ ነው። ሐኪሙ ራጅዋን አይቶ፣ «ጅማቶቹ ደህና ናቸው፤ አጥንትን ከአጥንት አጥብቀው ይዘዋል። ያለቀው መሀላቸው እንደ ፍራሽ የሚያርፈው ለስላሳው አጥንት ነው። አሁን አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል» አላት። እሷ መች ሰማችው! «እና ሱጁዱስ?» አለች። ወንበር ላይ ሆና እንድትሰግድ መከራት። የሰፈራችን ሸኽም «ዲኑ ገር ነው፤ ይፈቀድልሻል» አሏት። መፈቀዱን እሷም አላጣችውም። «ግንባሬ መሬት ካልነካ አንጀቴ አይርስም» ብላ ድርቅ አለች።

አንድ ቀን ስመጣ መስገጃዋ ላይ በግንባሯ እንደተደፋች አገኘኋት። መነሳት አቅቷት ምን ያህል እንደቆየች አላህ ይወቅ። በንዴት ጮህኩባት። «ዱዓ እያረዘምኩ ነው» አለችኝ እኮ! ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ቀና ካደረግኋት በኋላ እውነቱን አወጣችው፤ «መውረዱስ ቀላል ነው ልጄ፤ መነሳቱ ነው።» ከዚያ ወዲያ ተስማማን። ሌላ ቀን ወንበሯ ላይ ትሰግዳለች፤ ጁምዓ ከሥራ ስመጣ ግን እኔው አወርዳታለሁ፣ እኔው አነሳታለሁ።

መንገዱ ሲከፈት ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ፒያሳ ወርጄ እየሮጥኩ ቤት ደረስኩ። በሩን በርግጄው ስገባ ቆማለች፤ ውዱእ አድርጋ፣ መስገጃዋን ዘርግታ፣ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጣ። ስልኳ አልጋው ላይ ድምፁ ጠፍቶ ተጋድሟል።

«ምናለ ወንበሩ ላይ ብትሰግጂ? ወቅቱ እኮ ሊወጣ ነው!»

«አብሽሪ፣ አልወጣም» አለችኝ። «ሳምንቱን ሙሉ የተቀመጥኩት ለዛሬ ነው።»

ትከሻዬን ይዛ ወረደች። ጉልበቷ ሲንቋቋ ሰማሁት። ግንባሯ መሬት ነካ፤ ሱጁዱን አረዘመችው፣ በጣም አረዘመችው። መንገዱን ሙሉ ስቁነጠነጥ የመጣሁት እኔም፣ እጄን ዘርግቼ፣ ንቅንቅ ሳልል ጠበቅኋት።