በአያ ባህታ ግድግዳ ላይ ያለው ቀንድ

ባለፈው ሰሞን ቃሓውታ ሰፈር ለቅሶ ደርሼ ነበር። ሟቹ አያ ባህታ ነው፤ ዕድሜ ጠግቦ፣ የልጅ ልጅ አይቶ አልጋው ላይ ያረፈ ሽማግሌ። ከተቀመጥንበት በላይ የአጋዘን ቀንድ ተሰቅሏል፤ ረጅም፣ ጥምዝምዝ፣ ለለቅሶው ተብሎ የተወለወለ። አንድ ዘመድ ተነሥቶ የሟቹን ታሪክ ሲናገር እጁን ወደ ቀንዱ ዘርግቶ፣ "ዒላማ የማይስት አዳኝ ነበር" አለ። ሰዉም ራሱን ነቀነቀ። የያዝኩት ሻሂ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

እኔ ያን ቀንድ ከነራሱ፣ ከነደሙ አውቀዋለሁ።

በጃንሆይ ዘመን የምንኖረው እዚያው ከተማ፣ ጎዳይፍ ሰፈር ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሀብቶም መካኒክ ነው፤ አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ። በልጅነቱ ከአባታችን ጋር ቆላ እየወረደ አደን ለምዷል። ሚዳቋ ይዞ የመጣ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ጥብስ ጥብስ ይሸት ነበር። መንግሥት መሣሪያ ሲሰበስብ ግን የአባታችን አሮጌ ጠብመንጃም አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አደን ፈቃድ ላለው ሆነ፤ ፈቃድ ደግሞ ሰው ለሚያውቅ። አያ ባህታ እዳጋ ሓሙስ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነበረው፤ ገንዘቡም ሰዉም አልጎደለበትም።

አንድ ቀን ግቢያችን ውስጥ ላንድሮቨሩን እያሠራ ስለገደላቸው አውሬዎች ያወራ ጀመር። ሀብቶም መኪናው ሥር እንደተጋደመ ሳቀ።

"አያ ባህታ፣ የሚገድልልዎ ገንዘብዎ ነው።"

"ገንዘብ አያነጣጥርም። እጅ ነው!"

"እጅማ እኔም አለኝ። የሌለኝ ፈቃድ ነው።"

"እንግዲያው ቅዳሜ አብረን እንውረድ። መጀመሪያ እኔ እተኩሳለሁ፣ ቀጥሎ አንተ። ይለይልናል።"

እናቴ ነገሩን አልወደደችውም። መንገዱ ሁሉ ወታደር ነው፤ ያኔ ያለ ፈቃድ መሣሪያ ይዞ የተገኘ ወንበዴ ይባላል፣ ሌላ ጥያቄ የለም። ሀብቶም ግን እንደ ሕፃን ልጅ ደስ ብሎት ነበር። ጥር ነው፤ የጠዋቱ ብርድ ጣት ይቆርጣል። ባኒ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ቋጠርኩለት። "ቀንዱን ላንቺ" ብሎኝ ሄደ።

ጀምበር ስትጠልቅ መኪናው ተመለሰ። አጋዘኑ ከፊት ታስሯል፣ ምላሱ ተንጠልጥሏል። ሀብቶም የለም። አያ ባህታ ከመኪናው ሳይወርድ፣ "ፍተሻ ላይ ያዙት፤ ነገ አስፈታዋለሁ" አለና ሾፌሩን ንዳ አለው። እናቴ መንገዱ ላይ ቆማ "ወደይ ኣበይ ኣሎ? ልጄ የት አለ?" ትላለች።

በነጋታው አያ ባህታ አልመጣም። ሱቁ ብንሄድ የለም ተባልን። በሳምንቱ ሾፌሩ እንድሪስ ብቻውን መጣ። የወሎ ሰው ነው፣ ትግርኛው አይሄድለትም፤ እናቴ ደግሞ አማርኛ አታውቅም። እሱ አቀርቅሮ ሲናገር እኔ በትምህርት ቤት አማርኛዬ እየሰማሁ ለእናቴ ተረጎምኩላት። አያ ባህታ ተኩሶ ሳተ። ሀብቶም በአንድ ጥይት ጣለ። አያ ባህታም ተናዶ ይሁን ተደንቆ፣ "የገደለ ነው መሣሪያ የሚይዝ" ብሎ ጠብመንጃውን በገዛ እጁ አሸከመው። ፍተሻው ላይ ወታደሩ፣ "ይህን መሣሪያ አንተ ነህ የሰጠኸው?" ብሎ ባህታን ጠየቀ።

እንድሪስ ወደ እናቴ ዞረ።

"እማማ፣ 'ሳላውቅ ነው ያነሣው' አሉ።"

ያችን ቃል ወደ ትግርኛ መልሼ ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ እንደሷ የከበደኝ ንግግር የለም።

አያ ባህታ ለምን እንዲያ እንዳለ ይገባኛል። ሰጠሁት ቢል ፈቃዱም ሱቁም፣ ምናልባት እሱ ራሱም ይሄድ ነበር። ፈራ። ፍርሃቱን እረዳለታለሁ፣ ይቅር ልለው ግን አልቻልኩም። ሀብቶም አልተመለሰም፤ የት እንደወደቀም የነገረን የለም። እንዳለውም እጅ ነበረው፣ እንዳለውም ፈቃድ አልነበረውም። እናቴ "ሬሳውን ሳላይ ሐዘን አልቀመጥም" ብላ እስክትሞት በር በሩን አየች። ስለዚህ ለወንድሜ ድንኳን አልተተከለም፣ ስሙን ጠርቶ ያለቀሰለት ሰውም የለም።

የዘመድየው ንግግር ሲያልቅ ሴቶቹ ለቅሶውን አነሡ። በእኛ አገር በሰው ለቅሶ የራስን ሙት ማልቀስ ነውር አይደለም። ተነሥቼ ከቀንዱ ሥር ቆምኩና "ሀብቶም ሓወይ! ወንድሜ!" አልኩ። ሴቶቹ ማን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሉኝ። ስሙ በአያ ባህታ ቤት ደጋግሞ ተጠራ።

ለቅሶው ሲበርድ የሟቹ ልጅ ቀረብ ብሎ ውሃ ሰጠኝ።

"አደይ፣ ሀብቶም ማን ነው?"

"ያን አጋዘን የገደለው" አልኩት።