የፓስተሩ ሳህን

«ውኃው ጥልቅ ነው፣ እጄን አትልቀቂ...»

ከዚህ በኋላ ያለውን ስንኝ ኦዜላ አታውቀውም። እዚያ ስትደርስ ከንፈሯን ገጥማ በጉሮሮዋ ብቻ ታንጎራጉራለች። እናቷም የሰው ልብስ ስትተኩስ ቃሉን የምትጥለው እዚያው ላይ ነበር፤ ዜማው ግን እንደ ሚሲሲፒ ወንዝ ድምፁን አጥፍቶ ይፈሳል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው አዳራሽ ማድ ቤት ዶሮውን በዱቄት እየለወሰች ወደ ጋለው ዘይት ስትጥል ያንኑ ነበር የምታንጎራጉረው።

ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ልጆች ምሳ ሠርታለች። ጡረታ ስትወጣም አላረፈችም፤ ጭልፋዋን ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተሻገረች። ለቀብር እሷ፣ ለሠርግ እሷ፣ ለፓስተሩ ልደት እሷ። ሁሉን አብልታ፣ ራሷ ቆማ ከድስቱ ጥግ ፍቃ የምትቀምስ ሴት ናት። ይኼን የቅዳሜ የሴቶች ስብሰባ ግን ለሆድ አላሰበችውም። «ሴቶች፣ በግልጽ እንነጋገር» ብላ በእጇ ጽፋ በሩ ላይ የለጠፈችው ስለ ልጇ ስለ ታሚራ ነው።

ታሚራ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ብሏታል፤ ራሷን ይወቅራታል። ክሊኒክ ብትሄድ ሐኪሙ ቀና ብሎ ሳያያት «ድካም ነው፤ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ» ብሎ መለሳት። እናቷ ተመለሺ ስትላት ደግሞ «እማዬ፣ አንቺን የማያስፈራሽ ነገር ምንድነው?» ትላለች። ኦዜላ በዚህች ከተማ «ድካም ነው» ተብለው ተመልሰው የሞቱትን ጥቁር ሴቶች ታውቃለች። ደርሶባቸው የተረፉት ቢናገሩ፣ ልጅቱ ከእናቷ ያልሰማችውን ከእነሱ ትሰማ ይሆናል። ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በፓስተሩ የመክፈቻ ጸሎት አለቀ። ሁለተኛው፣ ለሴቶች ቀን ነጭ እንልበስ ወይስ ወይን ጠጅ በሚል ክርክር። ይኼ ሦስተኛው ነው።

ወንበሮቹን ክብ አድርጋ ደረደረች። አሥራ አራት ሴቶች ተቀመጡ። ታሚራ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ሰቀለች። የፓስተሩ ሚስት ግሎሪስቲን፣ ሁለት ሰው በሚያስጠልለው ባርኔጣዋ፣ ፊት ለፊት ነበረች።

«እህቶቼ» አለች ኦዜላ፣ «ስትወልዱ ሆስፒታል የደረሰባችሁን ንገሩን። እዚህ ማንም አይፈርድባችሁም።»

አንዷ ቦርሳዋን ከፍታ ከረሜላ ፍለጋ ገባች።

«እኔ ስሙ ይባረክና አራቱንም በሰላም ነው የተገላገልኩት» አለች ሌላዋ።

«አሜን።»

«እኔም ይመስገነው።»

ኦዜላ ወደ ቬርኒስ ዞረች። አርባ ዓመት በመዘምራኑ ወንበር ጎን ለጎን ቆመዋል። «አንቺስ ቬርኒስ?»

«እኔ ምን አለኝ ብለሽ ነው» አለች ቬርኒስ፣ የቀሚሷን ጫፍ እያጠፈች። «ይመስገነው።»

ግሎሪስቲን ሰዓቷን አየች። «ግሩም ምስክርነት ነው። እህት ኦዜላ፣ የፓስተሩ ሳህን አይረሳ፤ ቢሮው ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው።»

የእሱ ሳህን ሳይቀርብለት በዚያ አዳራሽ ሹካ የሚያነሣ የለም። ኦዜላ ማድ ቤት ገብታ የድስቱን ክዳን በሌላ ክዳን ላይ ወረወረችው። ትልቁን ጭን፣ ጎመኑን፣ መኮሮኒ በአይቡን፣ የበቆሎ ዳቦውን፣ እንደ ልማዷ አሳምራ ደረደረች።

ሴቶቹ ሊያግዙ ተከትለዋት ገቡ። ቧንቧው ተከፈተ። እዚያ ክብ ውስጥ የተለጎመው አፍ ሁሉ፣ እጅ ሳሙና ሲነካ ተፈታ።

«እኔን ሲሰፉኝ ማደንዘዣ የሚባል አላየሁም» አለች ይመስገነው ስትል የነበረችው። «ነርሷ 'እናንተ ጥቁሮች ትችሉታላችሁ' አትለኝም?»

«አንቺ ነርስ አግኝተሻል። እኔን ኮሪደር ላይ ነው የረሱኝ፤ እንደ ተጣለ ሻንጣ።»

ሳቁ። ኦዜላ አልሳቀችም።

«ምናለ ይኼን እዚያ ብትናገሩት?» አለች። «ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ለመንኳችሁ። ለዶሮዬ ከሆነ የመጣችሁት እቤታችሁ እልክላችሁ ነበር።»

ጥግ ላይ ባቄላ የሚለቅሙት የሰማንያ ሦስት ዓመቷ እማማ ሊኒ ቀና አሉ። «አትቆጪያቸው ልጄ። በዚህ ቤት ምስክርነት መጨረሻው ድል ነው። ወደቅሁ ካልሽ ተነሣሁ ማለት አለብሽ። ያልተነሣ ነገር ያላት ምን ብላ ትቁም?»

ቬርኒስ ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን ታጥባለች። ያንኑ ሳህን ነው፣ ደጋግማ።

«ዴስሞንድ» አለች፣ ሳትዞር። «ስሙ ዴስሞንድ ነበር።»

ቬርኒስ ልጅ እንደነበራት ከመካከላቸው የሚያውቅ አልነበረም። ኦዜላ እንኳ፣ በአርባ ዓመት ዜማ ውስጥ አንድም ቀን ያን ስም አልሰማችም። ልታቅፋት ፈለገች፤ ግን ወደ በሩ ሄደች።

«ታሚራ፣ ነይ ሳህን አድርቂ።»

«በዚህ እግሬ?»

«በዚያው እግርሽ።»

ልጅቱ እያነከሰች፣ እያጉረመረመች ገባች። ቬርኒስ ዞራ እግሯን አየች፤ ከዚያ ፊቷን። ውኃውን ዘጋች።

«ራስሽን ያምሻል?»

«ድካም ነው አሉኝ።»

«እኔንም ድካም ነው አሉኝ። ዓይንሽ ላይስ? ብልጭ ብልጭ?»

ታሚራ እናቷን አየች። ይኼን ለእናቷም አልነገረቻትም ነበር። «ከሐሙስ ጀምሮ» አለች፣ ዝቅ ብላ።

«እኔ ሁለት ቀን ተኝቼ ጠበቅሁ። እግሬን ከፍ አድርጌ፣ እንዳሉኝ።» ቬርኒስ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ነይ እንሂድ። መኪናዬ ደጅ ናት።»

እማማ ሊኒ የፓስተሩን ሳህን በፎይል ጠቅልለው ኦዜላ ክንድ ሥር ሸጎጡት። ግሎሪስቲን በሩ ላይ ደረሰች።

«የፓስተሩ ሳህን የታለ?»

«እየሄደልሽ ነው» አሉ እማማ ሊኒ። «መንገዱ ነው የረዘመው።»

ሆስፒታሉ መቀበያ ላይ ያለችው ሴት ቀጠሮ ሰኞ ነው አለች። ኦዜላ ድምፅዋ ከፍ ሊል ሲል ቬርኒስ ክንዷን ያዘቻት። ቀስ ብላ፣ መዝሙር እንደምታስጀምር ሁሉ፣ «እሺ» አለች። «ደም ግፊቷን አንለካም ብለናል ብለሽ ጻፊልን። ከሥሩም ስምሽን።»

ሴትዮዋ ፊቷ ያለውን ወረቀት አየች። ነርስ ጠራች። ነርሷ ለካች፤ እንደገና ለካች፤ ከዚያ እየሮጠች ወጣች። ታሚራን በተሽከርካሪ አልጋ ሲያስገቧት የእናቷን እጅ የለቀቀችው በሩ ላይ ነበር።

አንድ ሰዓት ቆይቶ ሐኪም መጣ። ግፊቱ እየወረደ ነው፣ የሕፃኑም ልብ ይሰማል፤ ግን እስክትወልድ አትወጣም። «እስከ ሰኞ ብትቆይ ኖሮ...» ብሎ የጀመረውን አልጨረሰውም።

ኦዜላ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች። ማመስገን ነበረባት፤ ደረቷን የሞላው ግን ንዴት ነው። አንድ ግፊት ለማስለካት ሦስት ቅዳሜ፣ አሥራ አራት ሴት፣ አንድ የሞተ ልጅ። ሳታውቀው ታንጎራጉር ጀመር፤ እዚያው ስትደርስ ቃሉን ጣለችው።

«ቀጣዩ ምንድነው?» አለች ቬርኒስ።

«አላውቀውም። እናቴም እዚህ ላይ ነበር የምትተወው።»

«የእኔም።» ቬርኒስ አጠገቧ ያለውን ወንበር መታ መታ አደረገች። «አንቺ ሴትዮ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆመሻል።»

ኦዜላ ተቀመጠች። ፎይሉን ገለጠች። ዶሮው ቀዝቅዟል፣ አይቡ ረግቷል። ትልቁን ጭን ለሁለት ገምሳ ግማሹን ለቬርኒስ ሰጠች፤ ግማሹን በላች።